እጥፍ ሲባል

አማን ቡና ተጠርቼ ሄጃለሁ። ቶናው ላይ ስንደርስ የቤቱ እመቤት የሚጥል በሽታ ስላለበት ልጃቸው አነሱ። «አንዷ ኪኒን ከረዳችው ሁለቷማ አብልጣ ትረዳው የለ?» አሉ። እኔ ዝም። ጎረቤታቸው ነርሷ ግን «ኧረ እትዬ፣ እንዳያደርጉት!» ብላ ደነገጠች።

መድኃኒቱ ፌኒቶይን ነው። የሚያጣራው ጉበት ነው፤ ጉበት ደግሞ እንደ ጀበና አንገት ነው፣ የሚያሳልፈው ልክ አለው። ልኩ ከሞላ በኋላ ጥቂት ሲጨመር በደም ውስጥ ያለው መጠን በብዙ ይንራል፤ ታማሚው ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ሚካኤሊስና ሜንተን እ.ኤ.አ. በ1913 ስለ ኢንዛይም የጻፉት ቀመር ይህንኑ ያሳያል፤ መንገዱ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፣ ይጎብጣል።

ወቀሳዬ በእናትየዋ ላይ አይደለም። እኛ አስተማሪ ነን ባዮች «እጥፍ ከሰጠህ እጥፍ ታገኛለህ» የሚለውን ስሌት አስይዘን፣ የጎበጠውን ለፈተና ብቻ አስቀረነው። ቀመሩም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ የአንዱ ጉበት ከሌላው ይለያል። ሐኪም ታማሚውን አይቶ፣ ከተቻለም ደሙን አስለክቶ ይወስናል እንጂ መድኃኒት በግምት አይጨመርም።

በረካው ሲቀዳ እናትየዋ «ታዲያ ይህን እስከ ዛሬ ማን ነገረን?» አሉ። ሲኒዬን አቀርቅሬ አየሁ። ምን ልመልስ?