ስንት ናችሁ?

አዲስ አበባ ውስጥ የሚከራይ ቤት ፍለጋ የሰው ግቢ በር አንኳኩታችሁ የምታውቁ ከሆነ የመጀመሪያዋ ጥያቄ አትጠፋችሁም። “ስንት ናችሁ?” ናት። ስምም አይደለም፣ ሥራም አይደለም። ስንት ናችሁ! ደላላው መንገድ ላይ መክሮ ያመጣው ተከራይም “ሁለት ነን፤ እኔና ባለቤቴ ብቻ” ይላል። ሦስቱ ልጆች ለጊዜው አያታቸው ቤት ተቀምጠው የዚህን ፈተና ውጤት ይጠባበቃሉ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ይዘንባል። ልጅ አላችሁ? የመውለድ ሐሳብስ? ሠራተኛ ትቀጥራላችሁ? ማታ በስንት ሰዓት ትገባላችሁ? እንግዳ ይበዛባችኋል? እንጀራ ትገዛላችሁ ወይስ ትጋግራላችሁ? ካውያ አላችሁ? ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የምትጠየቀዋ ደግሞ መጨረሻ ላይ ትመጣለች። “ለመሆኑ አገርህ የት ነው?” እኔ የምለው፣ ለአንዲት ሰርቪስ ክፍል ይህን ያህል ከተጠየቀ ለሚኒስትርነት ምን ሊጠየቅ ነው? አባቶች “ከሰው መርጦ ለሹመት፣ ከእንጨት መርጦ ለታቦት” ሲሉ ተከራይን ረስተውት ኖሯል።

አከራይን ለመውቀስ ብቻ አይደለም የተነሳሁት። ከጡረታ ደመወዟ ላይ የሰርቪሷን ኪራይ ደርባ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት በዚህ ከተማ ሞልታለች። እሷ ቤት አራት ወር ሳይከፍል ተቀምጦ፣ መብራቱን በጋራ ቆጣሪ እንዳሻው አቃጥሎ፣ አንድ ሌሊት ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ የሚሰወር ሰው አለ። መሄዱስ ባልከፋ፣ የበሩን ቁልፍ ነቅሎ የሚሄድም አለ! ክስ ላቅርብ ብትል ለጠበቃ የምትከፍለው የአራት ወሩን ኪራይ ይበልጥባታል። መጠንቀቋ ታዲያ ምን ያስነውራታል?

ፍርሃቱም ዛሬ የበቀለ አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተተወለት። ኪራዩ አነስተኛ የሆነው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከፍ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ትናንት ኪራይ ሲቀበል የነበረ ሰው በማግስቱ የተከራዩ ጎረቤት ሆኖ አረፈው። ያ ዘመን አልፎ የግል ኪራይ በይፋ ሲመለስ ኪራዩ ተመለሰ እንጂ ልቡ አልተመለሰም። ብዙ አከራይ ዛሬም ተከራይን የሚያየው እንደ ደንበኛ ሳይሆን አንድ ቀን ቤቱን ሊወርስበት እንደሚችል ሰው ይመስለኛል። ከአባትና ከእናት የተወረሰ ፍርሃት ነው።

ይሁን። ፍርሃቱ ገባኝ። ያልገባኝ ጥያቄው ነው። ከላይ ከተዘረዘሩት ጥያቄዎች ውስጥ ኪራይ በልቶ የሚጠፋውን ሰው ነቅሶ የሚያወጣው የትኛው ነው? አንዱም! እንዲያውም ግቢ የሚገባው መዋሸት የሚችለው ነው። “አራት ልጆች አሉኝ” ያለችው እናት ውጭ ትቀራለች፤ “ልጅ የለኝም” ያለው ይገባል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ልጅ “የወንድሜ ልጅ ነው፣ ለክረምት መጥቶ ነው” ተብሎ ይከተላል፤ ሌላዋ በመስከረም ትጨመራለች። አከራይዋም “አታለሉኝ!” ብላ ትጮኻለች። እውነቱን የተናገረችዋን ከበር መልሳ የተናገረውን ያስገባች ማን ሆነችና!

የትውልድ አገርን መጠየቁማ ከሁሉም የባሰ ነው። አንድ ሰው ኪራይ በሰዓቱ ይክፈል አይክፈል ከአያቱ ቀዬ ጋር ምን አገናኘው? የደሴ ልጅም፣ የነቀምት ልጅም፣ የአዲግራት ልጅም፣ እዚሁ ጉለሌ የተወለደውም ከፋይና ከሃዲ አለበት። አገሩ ችግር ላይ በወደቀ ቁጥር ተከራዩ የሚፈራው ይህቺኑ ጥያቄ ነው። ሻንጣውን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ስሙን ሲጠየቅ የአባቱን ስም መዋጥ የሚያምረው ሰው አለ። ይህን እያወቁ መጠየቅ ጥንቃቄ ሳይሆን ጭካኔ ነው።

እኔ የማውቃቸው አንዲት የኮተቤ እናት ደግሞ አሉ። ከሃያ ዓመት በላይ ሦስት ክፍል ሲያከራዩ ኖረዋል። ስንት ናችሁ አይሉም። “ካሁኑ ቤትዎ ለምን ይለቃሉ?” ብለው ይጠይቁና መልሱን ዝም ብለው ያዳምጣሉ። በፊት የነበረበትን አከራይ ከእግር እስከ ራሱ የሚራገም ሰው ከመጣ “ነገ ስለ እኔም እንዲሁ ነው” ይላሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ተከራዩ ወደሚለቀው ሰፈር ይሄዳሉ። አከራዩን አይደለም የሚጠይቁት፤ አከራዩ ሊገላገለው የሚፈልገውን ሰው ሊያሞግስላቸው ይችላልና። ባለሱቁን ነው። የሰፈር ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ የማን ስም ስንት ወር እንደቆየ ያለ እሱ የሚያውቅ የለም። ባለሱቁ ስሙን ሲሰማ ፊቱ ከፈካ ጨረሱ ማለት ነው።

ሌላም ምልክት አላቸው። ዋጋ የማይከራከር ተከራይ አይወዱም። “የሚከፍል ሰው ይከራከራል፤ ላለመክፈል ያሰበ ምን ያከራክረዋል?” ይላሉ። ዛሬ ማታውኑ ካልገባሁ የሚለውንም ይሸሹታል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በርሜል ማስቀመጫ እንዳለ፣ ጣሪያው ክረምት ያፈስ እንደሆነ ነዝንዞ የሚጠይቀውን ግን “ይሄ ሊኖር ነው የመጣው” ብለው ያስገቡታል። አብዛኛው አከራይ የሚያባርረው ይህንኑ ነዝናዛ ነው። “ገና ሳይገባ እንዲህ ያለ ሲገባ ምን ሊሆን ነው” እያለ።

መንግሥትም ዝም አላለም። የተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። በየስድስት ወሩ “ጨምር ወይ ልቀቅ” ሲባል ለኖረ ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ሁለት ዓመት አብሮኝ የሚቆይ ሰው ነው ብሎ የፈራ አከራይ በር ላይ የሚያደርገውን ምርመራ ቢያጠብቅ አይፈረድበትም። ሕጉ ከበሩ ወዲህ የገባውን ጠበቀ፤ ከበሩ ወዲያ የቆመችው ባለ አራት ልጅ እናት እዚያው ናት።

የሚገርመኝ አዋጁ ለአከራይ ያመጣለትን ትልቅ መሣሪያ ልብ ያለው ሰው ማነሱ ነው። ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ተብሏል። ስለዚህ በሕጉ መሠረት ሲከፍል የቆየ ተከራይ በየወሩ በስንተኛው ቀን እንደከፈለ የሚናገር ወረቀት አለው ማለት ነው። ያን አሳየኝ ቢባል ያልዘገየው በደስታ ያሳያል፤ የዘገየውም ምክንያቱን ይናገራል። ከዚያ ወዲያ አገሩም፣ ካውያውም፣ የሚገባበት ሰዓትም ምን ያደርጋል? ደላላውስ ቢሆን ይህን ይዞ ቢመጣ ኮሚሽኑን ሠርቶ በላ ይባልለት ነበር። አሁን የሚከፈለው ተከራዩን ውሸት ስላስጠና ነው።

በድብቅ የገቡትን ልጆች ኑሮ እስቲ አስቡት። “ቀስ በል”፣ “አትሩጥ”፣ “እትዬ ይሰማሉ” እየተባለ የሚያድግ ልጅ ነው። ኳስ ግቢው ውስጥ አይመታም። ሲያለቅስ አፉ ላይ እጅ ይደረግበታል። ሰው በር ሲያንኳኳ ወደ ጓዳ ይገባል። እናቱን “አክስቴ” እንዲል የተነገረው ልጅም አጋጥሞኛል፤ አምስት ዓመቱ ነው፣ አልተሳሳተም። የግቢው ባለቤት ራሳቸው እዚያው ግቢ ስድስት ወልደው ነው ያሳደጉት። ስድስቱም ዛሬ አሜሪካና ዱባይ ናቸው፤ እሳቸውም “ግቢው ጭር አለብኝ” ይላሉ።

የኮተቤዋን እናት ስለዚህ ጉዳይ ጠይቄያቸው ነበር። ከሦስቱ ክፍል ሁለቱን ባለ ልጆች ይዘውታል። “ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው በዓመቱ መሐል ልልቀቅ አይልህም” አሉኝ። “ወንደላጤው ነው አንድ ቀን ብድግ የሚለው።” ግድግዳውስ ስላቸው ሳቁ። ይሞነጫጭሩታል፤ በኖራ ነው የምቀባው፣ ኖራ ደግሞ ርካሽ ነው አሉ።