ቆሞ የማይቆጥር ቆጣሪ

አጎቴ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ ነድቷል። የበረራ አስተማሪ ሆኜ የተቀጠርኩ ሰሞን ስንት እንደሚከፈለኝ ጠየቀኝ። “ጋሼ፣ የወር ደመወዝ የለኝም። በሰዓት 25 ዶላር ነው፤ እሱም ሞተሩ ሲሠራ ብቻ” አልኩት። አውሮፕላኗ ላይ ሆብስ የሚባል ቆጣሪ እንዳለ፣ ሞተር ሲነሳ ጀምሮ ሲጠፋ እንደሚቆም አስረዳሁት። ትንሽ አሰበና፣ “የእኔ እኮ ቆሜም ይቆጥራል” አለኝ።

ስለዚህ ሥራ ክፍያ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰምቻለሁ፤ አጎቴን ያህል አሳጥሮ የነገረኝ ግን የለም።

በዚያው ዓመት ማሳረፍ እምቢ ያላት አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ሴስና 172 ይዘን መሬት ስንቃረብ መሪውን አንቃ ትይዘዋለች። የአውሮፕላኗ አፍንጫ ሽቅብ ይነሳል፣ ፍጥነቷ ያልቃል፣ ዘጭ ትላለች። “ለቀቅ አድርጊው፣ ለቀቅ” እያልኩ ሦስት ቀን ጮህኩ። በአራተኛው ቀን ከመነሳታችን በፊት፣ ሞተሩ እንደጠፋ፣ መቀመጫችን ላይ ቆየን። እርሳስ በጣቶቿ መካከል አሳለፍኩና መሪውን እንድትይዝ ነገርኳት። አጥብቃ ስትጨብጥ እርሳሱ ጣቷን ያሳምማታል፤ ሳትወድ ታላላለች። ዓይኗንም ከአፍንጫው ሥር አንስታ ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ እንድትጥል ደጋግመን ተለማመድን። 40 ደቂቃ ሄደ። ከዚያ ተነስተን በሦስተኛው ዙር፣ ጎማው መሬት መንካቱ እንኳ ሳይታወቀን አረፈች። ሳቋ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሆብሱ 0.8 ሰዓት ይላል። 20 ዶላር። ማሳረፍ የተማረችበት 40 ደቂቃ በነጻ ሄደ። ትምህርት ቤቱ ለአስተማሪ ብሎ በሰዓት 70 ዶላር ይቀበላት እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

ታዲያ ሰው ምን ብሎ ይገባበታል? ሰዓት ሊሞላ ነዋ። በፈረንጆች 2009 የኮልጋን ኤር 3407 በረራ ኒውዮርክ ውስጥ ቡፋሎ አጠገብ ወድቆ 50 ሰው አለቀ። የአሜሪካ ምክር ቤት በዓመቱ ሕግ አወጣ፤ ከ2013 ጀምሮ የመንገደኛ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን እንኳ 1,500 የበረራ ሰዓት ተጠየቀ (ከአቪዬሽን ኮሌጅና ከጦር ሠራዊት ለሚመጡ ቀነስ ይላል)። የወደቀችው አውሮፕላን አብራሪዎች ሁለቱም ከ1,500 በላይ ሰዓት እንደነበራቸው ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። የንግድ አብራሪነት ፈቃድ በ250 ሰዓት ገደማ ይገኛል። የቀረውን 1,250 ሰዓት ብዙዎቻችን የምናመጣው ከማስተማር ነው።

እኔ ደህና በሚባል ወር 60 ሰዓት እበር ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የምጨርሰው። ገንዘቡ ደግሞ በወር 1,500 ዶላር ነበር፣ ከግብር በፊት። ጭጋግ ከወረደ፣ ተማሪ ከቀረ፣ አውሮፕላኗ ጥገና ከገባች ያም የለም። እናቴ አዲስ አበባ ላይ ለጎረቤት “ልጄ አብራሪ ሆነልኝ” ስትል፣ እኔ ደለስ ኤርፖርት የኡበር ሹፌሮች ሰልፍ ላይ ተራዬን እጠብቅ ነበር። አልነገርኳትም።

የሥራው ገበያ የሚከፈተውና የሚዘጋው በሌላ ሰው በር ነው። በ2022 ኤንቮይ፣ ፒድሞንትና ፒ.ኤስ.ኤ. የተባሉት አየር መንገዶች የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት ወደ 90 ዶላር ሲያደርሱ፣ እኛ ጋ ማስተማር የገባቸው ሁሉ በአንድ ክረምት ተጠራርገው ሄዱ። አንድ ተማሪ ፈቃዱን እስኪያገኝ ሦስት አስተማሪ ቀያየረ። በ2024 ቅጥሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ 1,500 የሞላላቸው መሄጃ አጥተው ቆሙ፤ ከኋላቸው የመጡት አዲስ አስተማሪዎች ቦታ አጡ። አንድ አስተማሪ እጁ የሚፈታው ሺህኛው ሰዓት አካባቢ ነው። ልክ ያኔ ነው ሻንጣውን የሚያዘጋጀው። የዚህ አሠራር ትልቁ ጉዳት ለእኔ ይሄ ነው፤ ደመወዙ እንኳ ሁለተኛ ነው።

እኔ ቀረሁ። ዛሬ በግሌ ነው የማስተምረው፤ በሰዓት 75 ዶላር፣ ሰዓቱም ከተማሪው ጋር ከተጨባበጥንበት እስከምንሰነባበትበት ይቆጠራል። ይህን ያስቻለኝ ግን ጀግንነት አይደለም፤ የጤና መድናችን በባለቤቴ መሥሪያ ቤት በኩል ስለሆነ ነው።

በየሳምንቱ የሚደውሉልኝ የሐበሻ ልጆች አሉ። አትግቡ አልላቸውም። አንተም ልትገባ ካሰብክ፣ ውል ከመፈረምህ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ ለምታስተምርበት ሰዓት ይከፈልህ እንደሆነ ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል።