አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተቀጠሩት

ስለ ጸጋ መስበክ የሚቀለው ላልሞከረው ነው። እንጭኒ ላይ ከሚሰሙኝ ምእመናን አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው። ደቦ የወጣ ደቦ ይወጣለታል፣ ዕቁብ ተራ አለው፣ ለቅሶ የደረሰም ይደረስለታል። በዚህ ሥርዓት ላደገ ሰው «እግዚአብሔር እንዲያው ይሰጣል» ብትለው ከአንገት በላይ «አሜን» ይልሃል።

ስለዚህ ጸጋን፣ እምነትንና ፍቅርን ለየብቻ መተንተኑን ትቼ ሦስቱንም ማቴዎስ ምዕራፍ 20 ላይ፣ በወይኑ ቦታ ሠራተኞች ታሪክ ውስጥ እፈልጋቸዋለሁ። ባለ ወይኑ ማለዳ ወጣ፤ በ3፣ በ6፣ በ9፣ በመጨረሻም በ11 ሰዓት ደገመ። የወንጌሉ ሰዓት የእኛው ሰዓት ነው። ፈረንጅ ሰባኪ 11 ሰዓት መቼ እንደሆነ ማስረዳት ይኖርበታል፤ የእንጭኒ ሰው ግን ከብት ወደ በረት የሚመለስበት ጊዜ መሆኑን ያውቃል። እስከዚያ ሰዓት ቆሞ የዋለ የቀን ሠራተኛም ማንም ያልፈለገው መሆኑ አይጠፋውም።

ጭንቁ ክፍያው ላይ ነው። ጌታው ከኋለኞቹ ጀምሮ ለሁሉም እኩል አንድ አንድ ዲናር አስከፈለ። ከፊተኞቹ ቢጀምር ኖሮ ዲናራቸውን ይዘው በሰላም ይሄዱ ነበር፤ እሱ ግን ዓይናቸው እያየ አደረገው። እዚህ ላይ ስደርስ ጉባኤው ያጉረመርማል። አንድ አዛውንት እንዲያውም «ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ በማግስቱ ጠዋት ሠራተኛ የሚያገኝ ይመስልሃል?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የዋዛ አልነበረም፤ ማንም ያላጉረመረመበት የጸጋ ስብከት ገና አልተሰማም ባይ ነኝ።

እምነቱ ውሉ ላይ ነው። የማለዳዎቹ ዋጋ ቆርጠው ገቡ፤ የ3 ሰዓቶቹ «የሚገባችሁን እሰጣለሁ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዘው ሄዱ። ፍቅሩን ለማየት ደግሞ አንድ ሰው መቁጠር ይበቃል፦ ጌታው ደመወዝ የሚከፍልለት አዛዥ ነበረው። ታዲያ አምስት ጊዜ ራሱ አደባባይ የወጣው ለምንድን ነው?

እንዲያው የተሰጠ ሁሉ ርካሽ የሚመስለው ጆሮም አለ። ጀርመናዊው ዲትሪክ ቦንሆፈር በ1937 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የተሟገተው ከዚህ ጋር ነው። እኛ ዘንድ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አሉ፤ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከደርግ እጅ አምልጠው ወደ ታንዛኒያ የሚሄዱበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ሳለ መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳም ለዓመታት ታስረዋል። ይህን ስናገር እጠነቀቃለሁ፤ ሰሚው ቄስ ጉዲና በሞታቸው ጸጋን የገዙ እንዳይመስለው። አስቀድመው በነጻ ተቀብለውት ስለነበር ነው እምቢ ማለት የቻሉት።

ስብከት ለምትጀምሩ ወጣቶች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ያ ማጉረምረም ሲነሣ ለማብረድ አትቸኩሉ። ጌታውም «ዓይንህ ምቀኛ ናትን?» ብሎ ጠየቀ እንጂ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ወንጌሉም አጉረምራሚው ምን ብሎ እንደ መለሰ አልጻፈልንም። እናንተም መልሱን ለሰሚው ተዉለት።