ጎጆ ስለመሰለ ብቻ ከተፈጥሮ ጋር ይስማማል?

ከአዳማ ተነስታችሁ በሞጆና በባቱ በኩል ወደ ላንጋኖ ወርዳችሁ ከሆነ፣ በሐይቁ ዳር የጎጆ ቅርጽ ያላቸውን ማረፊያዎች አይታችኋል። ክብ ግድግዳ፣ ሣር ክዳን፣ የአፈር ቀለም። በግራሩ መሀል ሲታዩ ደስ ይላሉ። «ከተፈጥሮ ጋር የተስማማ ቤት» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበውም ይህንኑ ነው። እኔ ግን ይህ ፍርድ በዓይን ብቻ የተሰጠ ነው እላለሁ። ሁለት ጥያቄ እንጨምርበት፦ ውኃው ከየት ይመጣል? እንጨቱስ?

ከውኃው እንጀምር። ከላንጋኖ በስተ ምዕራብ አብያታ-ሻላ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን 482ቱ ሐይቅ ነው። ላንጋኖ በሆራ ቀሎ ወንዝ፣ ዝዋይ ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ አብያታን ይመግባሉ። አብያታ ግን መውጫ ወንዝ የለውም፤ ውኃውን የሚያጣው በትነት ነው። ገቢው ሲቀንስ ዳርቻው ይሸሻል፤ ሸሽቷልም። ዋናዎቹ ተጠያቂዎች መስኖና ሶዳ አሽ ማምረት እንጂ ማረፊያዎቹ አይደሉም። ቢሆንም ለመዋኛ ገንዳና ለሣር ሜዳ የሚቀዳው ውኃ የሚጨለፈው ከዚያው ማሰሮ ነው።

እንጨቱስ? የጎጆው ምሰሶ፣ ማገሩ፣ ወራጁ ሁሉ ዛፍ ነው። በፓርኩ ግራር ለከሰልና ለእርሻ እየተመነጠረ ባለበት ጊዜ፣ ባህላዊ ስለሆነ ብቻ ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም።

አሁን ደግሞ የቆርቆሮውን ቤት እንየው። የአካባቢው ነዋሪ ቆርቆሮ ሲያለብስ ጎብኚው «መልክዓ ምድሩን አበላሸው» ይላል። እስቲ እናስላ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውኃ ነው። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ሊትር ገደማ ማለት ነው፤ አሸንዳና በርሜል ካለ! ሣር ክዳን ግን አብዛኛውን ይመጥጣል፤ የሚያንጠባጥበውም የቆሸሸ ነው። በስምጥ ሸለቆ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆችን ጥርስ ያበልዛል። በንጹሕ የተያዘ የዝናብ ውኃ ግን ፍሎራይዱ እጅግ ትንሽ ነው።

እርግጥ ቆርቆሮ ቀትር ላይ ያቃጥላል። ኮርኒስ ይፈልጋል። ለግድግዳው ደግሞ በአዳማ አካባቢ ከሚወጣው ፓሚስ የሚሠራ ብሎኬት አለ፤ ድንጋዩ በአየር ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ቀላል ነው፣ ሙቀትም ቶሎ አያስተላልፍም። መልኩ ደረቅ ቢመስልም የሸለቆው እሳተ ገሞራ የወለደው ነው።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ «ከተፈጥሮ ጋር የተስማማ» የሚባል ቤት ስታዩ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አሸንዳውንና የፍሳሽ ጉድጓዱን ፈልጉ። ፍርዱን ከዚያ በኋላ ስጡ።