ለጠዋት ፀሐይ

የእኛ የሰዓት ቆጠራ የሚጀምረው ከንጋት ነው። ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ገደማ ሲሞላት «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» እንላለን። የሚገርመው፣ ሰውነታችንም ቀኑን የሚያሰላው ከዚያው ብርሃን ተነሥቶ ነው።

በአንጎላችን ግርጌ፣ የዓይን ነርቮች ከሚሻገሩበት ቦታ በላይ፣ እጅግ ትንሽ የሆነች የሕዋሳት ጥቅል አለች። እንቅልፋችንንና ንቃታችንን በሰዓቱ የምትመራው እሷ ናት። ያለ ብርሃን ብትተው፣ የብዙ ሰው የውስጥ ሰዓት ከ24 ሰዓት ጥቂት እያለፈ ወደ ኋላ ይጎተታል። የጠዋት ብርሃን በየዕለቱ ያቃናታል። በዓይናችን ገብቶ ሜላቶኒን የተባለውን የሌሊት ሆርሞን ይገታል፤ ድብታው ይለቃል፣ ሐሳብ ይጠራል። ማታም እንቅልፍ ሳይዘገይ ይመጣል።

ይህን ሥራ የቤት አምፖል አይተካውም። በደንብ የበራ ቢሮ 500 ሉክስ ገደማ ብርሃን አለው፤ ሰማዩ በጠራ ቀን ደጁ ከ10,000 ሉክስ ያልፋል። ደመና ቢኖርም ደጁ ከቤት ይበልጣል።

ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ግድግዳ ተደግፈው የጠዋት ፀሐይ የሚሞቁ አዛውንቶቻችንን ሳይ ልቤ በአክብሮት ይሞላል። ሙቀት ፈልገው ይወጣሉ፤ ለሌሊታቸውም እንቅልፍ ይሰንቃሉ።

እባክዎ፣ ነገ ጠዋት ስልክዎን ከማንሳትዎ በፊት ደጅ ይውጡ። ፀሐይዋን በቀጥታ አይዩ፤ በብርሃኗ ውስጥ ጥቂት ይራመዱ። ዋጋ የማይጠየቅበት ጸጋ ነው።