ፈሰስ ከየት ተነሥቶ ወዴት ይወርዳል? ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጥናት ጽሑፎች የቀረበ ሒስ

በምዕራብ ጎጃም ክረምቱ ሲበረታ ገበሬው በዘራው ማሳ ላይ በማረሻ ሰያፍ ቦይ ያወጣል። ይህ ቦይ ፈሰስ ይባላል። ተግባሩም የተረፈውን የዝናብ ውኃ ከማሳው አስወጥቶ ዘሩ እንዳይታጠብ ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ ውኃው አንድ ቦታ መውረድ አለበት፤ ብዙውን ጊዜም የሚወርደው በድንበር ላይ ወይም ከበታች ባለው ጎረቤት ማሳ ላይ ነው። ፈሰሱ በጊዜ ብዛት ቦረቦር ይሆናል፤ ቦረቦሩም ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚያቀርቧቸው ጽሑፎች «አካባቢ»፣ «ቴክኖሎጂ» እና «ኅብረተሰብ» በሚሉ ሦስት ክፍሎች ተመድበው ይቀመጣሉ። ፈሰስ የየትኛው ነው? የአፈር ተማሪ የታጠበውን አፈር ይመዝናል፤ የምሕንድስና ተማሪ የውኃውን ፍጥነት ያሰላል፤ የሶሲዮሎጂ ተማሪ የድንበር ጠብን ይጽፋል። ሦስቱም ማዕረግ አግኝተው ይመረቃሉ። ፈሰሱን ከመነሻው እስከ መድረሻው የተከተለው ግን የለም።

ለዚህ ጉዳይ ከአንጀኒ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ከደንበጫ ከተማ በስተሰሜን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዚህ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1984 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሟል። ተፋሰሱ 113 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ ዝናቡ፣ ጎርፉና በጎርፉ የሚሄደው ደለል ይለካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በተፋሰሱ ላይ ፋንያ ጁ የተባለው እርከን ተሠራ። ስሙ ከስዋሒሊ የመጣ ነው፤ አፈሩ ከቦዩ ተቆፍሮ ወደ ላይኛው ወገን የሚጣል በመሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ የባሕር ዳር፣ የአዲስ አበባና የበርን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች በዚህ ልኬት ላይ ተመሥርተው ጽፈዋል።

እነዚህ ጽሑፎች ከሌሎቹ የሚሻሉት ስለ አንድ ቁራሽ መሬት በብዙ ዓመት የተሰበሰበ ቁጥር ስላላቸው ነው። እርከኑ የታጠበውን አፈር እየያዘ ቀስ በቀስ መሬቱን ደረጃ እንዳስያዘው፣ ከእርከኑ በላይ አፈር የተጠራቀመበት ክፍል የተሻለ ፍሬ ሲሰጥ ከበታቹ ያለው እንደሚሳሳ ከእነርሱ እንማራለን። ገበሬው ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል ቢባል እንኳ፣ በልኬት መረጋገጡ ታላቅ ነገር ነው። እርከን የያዘው መሬት ከማሳው ላይ የተቀነሰ መሆኑን፣ በሬ ለማዞርም እንደሚያስቸግር መዝነው የሚጽፉትን ደግሞ አብልጬ አከብራለሁ፤ ቴክኖሎጂው በማን ጫንቃ ላይ እንዳረፈ ያሳያሉና።

ከዚህ በተቃራኒ በእጄ ያለፉት ብዙዎቹ ጽሑፎች የተጻፉት በመጠይቅ ብቻ ነው። «የአፈር መሸርሸር ችግር መሆኑን ያውቃሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ ምን ይመልስ? «አዎን» ይላል። መልሱ በመቶኛ ተሰልቶ በሠንጠረዥ ይቀመጥና «አብዛኛው ገበሬ ግንዛቤ አለው» ተብሎ ይደመደማል። መጨረሻው ላይም «የሚመለከታቸው ክፍሎች ትኩረት ይስጡ» የሚል ማሳሰቢያ ይከተላል። ይህን ለመጻፍ እስከ ፍኖተ ሰላም ወይም እስከ ቡሬ መጓዝ አያስፈልግም ነበር።

ድሮም እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው የየትውልድ ቀያቸውን የሠርግ፣ የለቅሶና የእርሻ ልማድ እየጻፉ በመጽሔታቸው ያሳትሙ ነበር። ሥራዎቻቸው አጫጭር ነበሩ፤ የዘመኑ የሳይንስ ዘዴም ይጎድላቸው ይሆናል። ነገር ግን ጸሐፊው የሚጽፈውን ስፍራ ያውቀዋል፤ ማንን መጠየቅ እንዳለበትም አይጠፋውም።

በሁለቱም ዘመን የቀጠለ አንድ ጉድለት አለ፤ ይኸውም የቋንቋው ጉዳይ ነው። ጥያቄው ለገበሬው በአማርኛ ይቀርባል፤ መልሱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ከዚያም በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀራል። «ፈሰስ» የሚለው ቃል በትርጉም «የውኃ መውረጃ» ብቻ ሲሆን የጎረቤቱ ማሳና ጠቡ አብረው ይጠፋሉ። የገበዝ ማርያም መምህር ስለ ራሱ ቀበሌ የተጻፈውን ማንበብ ቢፈልግ ወዴት ይሄዳል? ስለዚህ እያንዳንዱ ተመራቂ ከጽሑፉ ጋር አምስት ገጽ የማይበልጥ የአማርኛ ማጠቃለያ አዘጋጅቶ ጥናቱ በተካሄደበት ቀበሌ ለሚገኘው ትምህርት ቤት እንዲያስረክብ ቢደረግ፣ ወጪው ከወረቀት ዋጋ አያልፍም። ገበሬውም ስለ እርሱ የተባለውን በልጁ አፍ ሰምቶ ስሕተት ቢኖር ያርማል።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ለእጩ መምህራን አንድ ሥራ ሰጥቼ ነበር። መጠይቅ አልያዙም። ከዝናብ በኋላ አንድ ፈሰስ መርጠው ከሚነሣበት እስከሚያበቃበት በእግር እንዲከተሉ፣ በየማሳው ባለቤቱን እንዲያነጋግሩ ብቻ አዘዝኳቸው። አንዱ ቡድን በአራተኛው ማሳ ላይ ከባለቤቱ ጋር ሲነጋገር የላይኛው ማሳ ባለቤት ደረሰ፤ ሁለቱ ሰዎች በተማሪዎቹ ፊት መከራከር ጀመሩ። ተማሪዎቹ ያመጡት ሪፖርት ሦስት ገጽ ነበር፤ ሁለቱ ገጽ ክርክሩ ነው።