የአጥንትን ሕይወት ስለሚያይ ጥበብ

በደቡብ ሱዳን ከሚገኘው ከረጃፍ ኮረብታ ግርጌ፥ ነጭ ዓባይ በጸጥታ ከሚወርድበት ዳር፥ ዳሌያቸው ተሰብሮ በብረት የተያያዘላቸው አንዲት የአገራችን እናት የራጅ ፊልማቸውን ወደ ፀሐይ አንሥተው «ልጄ፥ አጥንቱስ ገጥሟል አሉኝ፤ ታዲያ ስለ ምን ያመኛል?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ፥ ቦን ስካን የሚባለውን ረቂቅ ምርመራ በፍቅር አሰብሁት። ራጅ የአጥንትን መልክ እንጂ ሕይወቱን አያሳይምና፤ የጭን አጥንት አንገት ሲሰበር ደግሞ የሚያሰጋው፥ ደም ሥሩ ተበጥሶ የአጥንቱ ራስ መልኩን ሳይለውጥ በኅቡእ እንዳይሞት ነው።

በቦን ስካን ሐኪሙ ከዳይፎስፎኔት ጋር የተዋሐደ፥ ቴክኒሺየም-99ኤም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በደም ሥር ሰጥቶ 3 ሰዓት ያህል ይታገሣል፤ ንጥረ ነገሩም፥ ድንጋይ ግንበኛ ወዳለበት እንደሚጋዝ፥ ዐጽም ወደሚታነጽበት ስፍራ ሄዶ ይሰፍራል፤ ጋማ ካሜራውም ከአካል የሚወጣውን ጨረር ተቀብሎ፥ የሚጠገነውን አድምቆ፥ ደም የተቋረጠበትን ራስ ባዶ አድርጎ ይሥለዋል። የጨረሩም ኃይል በየ6 ሰዓቱ በእኩሌታ እየቀነሰ ያልፋል። ኤም.አር.አይ. ዛሬ በብዙ ነገር ቢቀድመውም፥ ብረት ባለበት አጠገብ ምስሉ ስለሚዛባ፥ ይህ አገልጋይ ገና ጡረታ አልወጣም።

አጥንትን በጨረር መመርመር በዓባይ ዳር ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ከረጃፍ በወንዙ ቁልቁል፥ በሱዳን አባድያ፥ እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ባተርስቢ የራጁን ባትሪ በብስክሌት እያስሞላ የቁስለኞችን አጥንትና ጥይት ይመረምር ነበር፤ ያን ትጋት ባሰብሁ ቁጥር፥ ነቢዩ ሕዝቅኤል «በሕይወት ይኖራሉን?» ተብሎ ስለ አጥንቶች የተጠየቀው ጥያቄ ትዝ ይለኛል። እኒያ እናት ግን ፊልሙን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፥ ወደ ፖስታው መለሱት።